የአውሮፓ ኅብረት «መመሪያ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ ቡና ላኪ ወዳጄ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። አንድ ተንታኝ ያወራል። «የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ መመሪያ ብቻ ነው። ጀርመን በፓርላማዋ ካላጸደቀችው አይሠራም» ይላል። ወዳጄም በድሬ ወግ «አንተ» ብሎ ጠየቀኝ፦ «እና አንተ፣ እስኪያጸድቁት እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

ኧረ በፍጹም! ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲለው አርሜ አልፋለሁ። ሰው ገንዘቡን ይዞ ሲወስንበት ግን ያንገበግበኛል።

ሕጉ ቁጥር 2023/1115 ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና የኅብረቱ ገበያ አይገባም ይላል። ካካኦ፣ ጎማ፣ እንጨትና ሌሎችም አሉበት፤ በጠቅላላው ሰባት ምርት። እሱ ደግሞ ደንብ እንጂ መመሪያ አይደለም። የኅብረቱ ፓርላማና ምክር ቤት አጽድቀውታል። በርሊን ሌላ ድምፅ አትሰጥበትም። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሲራዘም እንኳ ያራዘሙት እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ አንድ አገር ብቻውን አላራዘመም።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ ጋ ሕግ መሰላል አለው። አዋጅ ከተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ከሚኒስቴር ወይም ከባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ይወጣል። ስለዚህ «መመሪያ» ሲባል ጆሯችን የታችኛውን እርከን ይሰማል። አውሮፓ ውስጥ ግን በደንብና በመመሪያ መካከል እንዲህ ያለ የበላይና የበታች የለም። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም የሚያወጡት እነዚያው አካላት ናቸው። ልዩነቱ የኅብረቱ አሠራር ውል አንቀጽ 288 ላይ ተቀምጧል። ደንብ ከነሙሉ ቃሉ ያስገድዳል፤ በየአገሩም በቀጥታ ይሠራል። መመሪያ ውጤቱን ያስገድዳል፤ መንገዱን ለአገሩ ይተዋል።

(የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽን በውክልና የሚያወጣቸው ዝርዝር ሕጎችም አሉ። እነሱ ወደ እኛው መመሪያ ይጠጋሉ። የእኛውም መመሪያ ቢሆን «ብቻ» የሚባል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሥርዓት ተመዝግቦ ከወጣ ያስገድዳል።)

በቡና ላስረዳ። መመሪያ ጀንፈል ነው። ለሃያ ሰባቱም ቤት፣ ማለትም ለአባል አገሮቹ፣ ይታደላል። «እስከዚህ ቀን እንግዳው ፊት የተፈላ ቡና ይቅረብ» ይባላል። እንዴት እንደሚፈለፈል፣ በምን እንደሚቆላ፣ በሙቀጫ ይወቀጥ ወይስ በወፍጮ ይፈጭ፣ የቤቱ ጉዳይ ነው። መቅረብ ያለበት ግን ቡና ነው። ሻይ አፍልቶ «ይኸው» ማለት አይቻልም። ደንብ ደግሞ ፈልቶ የመጣ ጀበና ነው። ደጅ እንደገባ ይቀዳል።

ቀኑ አልፎ ቡናው ባይቀርብስ? ተንታኙ ያልነካው ይህን ነው። ኮሚሽኑ ያንን አገር ሉክሰምበርግ ባለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ይከሰዋል። መመሪያው ግልጽና ቅድመ ሁኔታ የሌለው ከሆነ ደግሞ እንግዳው፣ ማለትም ዜጋው፣ ራሱ በአገሩ ፍርድ ቤት «ቡናዬን» ማለት ይችላል። የሚጠይቀው ግን የቤቱን ባለቤት፣ ማለትም መንግሥትን ነው። አጠገቡ ከተቀመጠው እንግዳ፣ ማለትም ከሌላ ግለሰብ ወይም ድርጅት፣ ሲኒ መንጠቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1991 በፍራንኮቪች ጉዳይ የተወሰነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አሠሪያቸው የከሰረባቸውን ሠራተኞች ደመወዝ የሚያስጠብቅ መመሪያ ነበር። ጣሊያን ወደ ሕጓ ሳታስገባው ቀኑ አለፈ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ መንግሥት ለደረሰው ጉዳት ካሳ ሊጠየቅ ይችላል የሚለውን መርህ አቆመ። ታዲያ ይህ «መመሪያ ብቻ» ነው?

ጀንፈል በየቤቱ ሲፈላ ጣዕሙ መለያየቱ አይቀርም። የግል መረጃ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ1995 በመመሪያ ወጥቶ በየአገሩ ተለያየ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደንብ ተተካበት። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንዱ ጀበና በሁሉም ቤት ይቀዳል።

ጀበናው ፈልቶ ቢመጣም ሲኒ ማቅረብ የቤቱ ሥራ መሆኑን አልደብቅም። የደኑ ደንብም ለአገሮቹ የተወው ነገር አለ። ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት የሚሰይሙት እነሱ ናቸው። ቅጣቱንም እነሱ ይወስናሉ። ለድርጅቶች የሚጣለው የገንዘብ ቅጣት ጣሪያ ግን በኅብረቱ ውስጥ ካላቸው ዓመታዊ ሽያጭ ከ4 በመቶ በታች እንዲሆን አይፈቀድም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እሺ፣ እኔን እዚህ ድሬ ቁጭ ያልኩትን በምን ሥልጣናቸው ያስገድዱኛል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አያስገድዱህም፤ ሕጋዊ ግዴታው የገዢህ ነው አልኩት። ሃምቡርግ ያለው አስመጪ ቡናው የበቀለበትን ቦታ መግለጽ አለበት። መግለጽ ካልቻለ ቡናውን ገበያ ላይ አያውለውም፤ ስለዚህ ካንተ አይገዛም። ከ4 ሄክታር ያልበለጠ ማሳ ከሆነ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል። ጫትና ቡና አብሮ የሚያበቅለው የሐረርጌ ገበሬ መሬት ትንሽ ስለሆነ፣ ለብዙዎቹ ማሳዎች ነጥቡ በቂ ነው።

ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ገለጠው። በአንዱ ዓምድ የአቅራቢዎች ስም፣ በሌላው ኪሎ፣ በሦስተኛው ዋጋ። ስለ ማሳዎቹ የተጻፈ ነገር የለም። እስክሪብቶ ተቀበለኝና በኅዳጉ ላይ አራተኛ ዓምድ አሰመረ።