የክብደት ምድብ ምንድን ነው? የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኗ ለምን ኦሊምፒክ ላይ አልታየችም?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ኢረም ያማን ሲጽፍ አነበብኩ። "ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ናት ይባላል። ታዲያ ኦሊምፒክ ሲመጣ የት ጠፋች? ፈርታ ነው" ይላል። ሌላው ተቀብሎ "አምስት ኪሎ መቀነስ ምን ይከብዳል?" ብሎ ጨመረበት። ልጆች ሚዛን ላይ ሲወጡ አጠገባቸው ቆሜ ዓመታት ላሳለፍኩ ሰው ይህ ያንገበግባል።

ኢረም የቱርክ ቴኳንዶ ተወዳዳሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ሩሲያ ቼልያቢንስክ፣ በ2019 ደግሞ ማንቸስተር ላይ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደች። ሁለቱንም ያገኘችው ከ62 ኪሎ በታች በሚባለው ምድብ፣ ማለትም ክብደታቸው ከ62 ኪሎ የማያልፍ ሴቶች እርስ በርስ በሚፋለሙበት ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ቁጥር ላይ ነው።

በዓለም ሻምፒዮና ሴቶች ስምንት ምድብ አላቸው፤ 46፣ 49፣ 53፣ 57፣ 62፣ 67፣ 73 እና ከ73 በላይ። ኦሊምፒክ ላይ ግን አራቱ ብቻ ናቸው ያሉት፤ 49፣ 57፣ 67 እና ከ67 በላይ። ቴኳንዶ በ2000 ሲድኒ ላይ ይፋዊ የኦሊምፒክ ስፖርት ከሆነ ጀምሮ እንዲሁ ነው። 62 የለም። (የማወራው ኦሊምፒክ ላይ ያለውን ቴኳንዶ ስለሚመራው ድርጅት፣ ስለ ወርልድ ቴኳንዶ ነው። የሌላው የቴኳንዶ ድርጅት፣ የአይቲኤፍ ምድቦች ሌላ ናቸው፤ እኛ አገር ብዙ ሰው የሚሠራው እሱን ስለሆነ ቀድሜ ልናገር።)

ጫማ ቤት ገባችሁ እንበል። ቁጥራችሁ 38 ነው። ባለሱቁ ያለው 37 እና 39 ብቻ ነው። 37ቱን ስታደርጉት ጣታችሁ ይታጠፋል። 39ኙን ስታደርጉት ተረከዛችሁ እየወጣ ያስቸግራችኋል። በሁለቱም ጫማ መንገድ መሻገር ይቻላል። ከዓለም ምርጦች ጋር መፋለም ግን አይቻልም።

"አምስት ኪሎ ብቻ" የሚለው ሰው የረሳው ነገር አለ። 62 ጣሪያ ነው። በዚህ ምድብ የሚወዳደሩ ብዙዎቹ በአዘቦት ቀን 64፣ 65 ኪሎ ይመዝናሉ። 62 የሚሆኑት ለሚዛኑ ቀን ነው። ስለዚህ 38ቱ ጫማ ራሱ ጠበብ ብሎ የተደረገ ነው። ከዚያ ወደ 57 መውረድ አምስት ኪሎ ሳይሆን ሰባትና ስምንት ኪሎ ነው የሚሆነው።

አንዴ ከማሰለጥናቸው ልጆች አንዷ ከምድቧ ጣሪያ 300 ግራም ተርፏት ነበር። የሚዛኑ ሰዓት ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ከቱታዋ ስር ላስቲክ ለብሳ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ምራቅ እየተፋች ክብደት እንድታወጣ ኩባያ ይዛለች። አፏ ደርቆ ምራቅ እንኳን እምቢ አላት። ሚዛኑን አለፈች። በማግስቱ በሁለተኛው ዙር እግሯን ማንሳት አቃታት። እንዲህ እንድታደርግ የፈቀድኩላት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ሰሞን ሰውነቷ ውሃ እንደሚይዝ እንኳን ያኔ አላሰብኩም። እባካችሁ አሰልጣኞች፣ ገና እያደገ ያለ ልጅ ላይ ይህን አታድርጉ።

ዛሬ ደንቡም ጠብቋል። ሚዛን የሚወጣው ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ነው፤ በውድድሩ ማለዳ ደግሞ ዕጣ የወጣባቸው እንደገና ይመዘናሉ። ከጣሪያው ከ5 በመቶ በላይ ማለፍ አይፈቀድም። ለ57 ኪሎ ይህ 59.85 ነው። ውሃ አፍስሶ ሌሊቱን እንደ ልብ መመለስ የለም።

"ታዲያ ለምን ወደ 67 አትወጣም?" ለሚለው ደግሞ፣ መብላትማ ማን ያቅተዋል? ሰፊ ጫማ ላይ ካልሲ ብትደርቡ ጫማው ሞላ እንጂ እግራችሁ አላደገም። በዚያ ላይ የደረት መከላከያው፣ ሆጉ የምንለው፣ ኤሌክትሮኒክ ነው። ተወዳዳሪዋ እግር ላይ ካለው፣ ሴንሰር ከተገጠመለት ካልሲ ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ነጥብ የሚሰጠው ምቱ የተወሰነ ኃይል ሲኖረው ነው። ያ የኃይል መጠን እንደ ጾታውና እንደ ክብደት ምድቡ ይለያያል። 62 ላይ ሁለት ነጥብ ያስቆጥር የነበረ ምት 67 ላይ ሆጉ ዝም ሊለው ይችላል። ተመልካች ይህን አያይም። "መታች እኮ!" ብሎ ይጮኻል።

ሩት ግባግቢን የሚጠቅስልኝ አይጠፋም። የኮትዲቯሯ ግባግቢ በ2017 ደቡብ ኮሪያ ሙጁ ላይ በ62 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ ሪዮና ቶኪዮ ላይ ደግሞ በ67 ነሐስ ወስዳለች። እውነት ነው፣ ለእሷ ሁለቱም ጫማ ሆኑላት። ከዚህ ተነስቶ ለሁሉም ይሆናል ማለት ግን ስህተት ነው።

ደግሞ ጫማ ቤቱ ውስጥ ኢረም ብቻዋን አይደለችም። አንድ አገር በአንድ ምድብ ወደ ኦሊምፒክ የሚልከው አንድ ሰው ነው። ቶኪዮ ላይ የቱርክን 57 የያዘችው ሃቲጄ ኩብራ ኢልጉን ናት፤ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። 67 የኑር ታታር ነበር። ኑር በ2012 ለንደን ላይ ብር፣ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ፣ በ2017 ሙጁ ላይ የዓለም ወርቅ ወስዳለች። ከላይም ከታችም ያሉት የገዛ አገሯ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በምድባቸው ከዓለም ጫፍ የደረሱ። "ፈርታ ነው" የሚለው ሰው ከእነዚህ ከማንኛቸው ቦታ ትቀማ ነበር የሚለው?

እዚያው ሙጁ ላይ ዘሊሃ አሪስም ለቱርክ ወርቅ አምጥታለች። ምድቧ 53 ነው፤ ከ49ና ከ57 መሃል። "ኦሊምፒክ ላይ የት ጠፋች?" የሚለውን ስለ እሷም ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።