ኦርጋኒክ እርሻ ምንድን ነው? ማዳበሪያ ማጣት አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «የጎጃም ገበሬ ድሮም ኦርጋኒክ ነው፤ ማዳበሪያ ከየት አምጥቶ?» ሲል ሰማሁ። ሰዉም አጨበጨበለት። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ የጠፋ ጊዜም ይችኑ ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን በቃኝ።

ማዳበሪያ ያጣ ገበሬ ኦርጋኒክ አይባልም። ያጣ ነው የሚባለው።

መሶቡ ባዶ የሆነበትን ሰው «ጾመኛ ነው» ትሉታላችሁ? ጾም ሥርዓት አለው። ቅቤው ሲቀር ኑጉ፣ ተልባው፣ ሽሮው ይተካል። ኦርጋኒክም እንዲሁ ነው። ዩሪያውን ስትተው በምትኩ መሬቱን የምታበላው ነገር አለ፦ ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ባቄላና ግብጦ በፈረቃ። (ግብጦ የአረቄ ማስከተያ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ናይትሮጅን የሚባለውን የሰብል ምግብ ከአየር ላይ የሚሰበስብ ተክል ነው።) ምንም ሳይተኩ ጤፍ በጤፍ ላይ መዝራት መሬቱን ማስራብ ነው።

ደግሞስ ከሥጋ ታቅቦ ወተት የሚጠጣ ጾመኛ አለ? ዩሪያ ያልገዛው ሰውዬ አረም ሲበዛበት ጤፉ ላይ ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ይረጫል። ያው ጤፍ ከተማ ሲገባ «ኦርጋኒክ» ይሆናል። ለዚህ ስም እኮ አገራችን አዋጅ ቁጥር 488/1998ን አውጥታለታለች። ወደ አውሮፓ እልካለሁ የሚል ደግሞ፣ ለጤፍና ለበቆሎ ዓይነት ሰብል መሬቱ ከመዘራቱ በፊት ያልተፈቀደ ኬሚካል ሳይነካው 2 ዓመት በሽግግር መቆየት አለበት። የሁዳዴ 55 ቀን እዚህ ምንም አይደለም።

ምሳሌዬ የሚያነክሰው ቀጥሎ ነው። ጾም ላይ ጎረቤት ዶሮ ቢሠራ ሽታው እንጂ ወጡ አይደርስህም። እርሻ ላይ ወጡም ይደርስሃል። ጎረቤትህ የረጨው መድኃኒት ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የተሠራ ነው፤ ያንተ ባቄላም ሰፊ ቅጠል ነው። ነፋስ ድንበር አያውቅም። አጨዳ ሲያልቅ ደግሞ ከብቱ ልቅ ይለቀቅና ለኮምፖስት ያሰብከውን ገለባ ይጨርሰዋል። «የማኅበረሰብ ኦርጋኒክ እርሻ» ሲባል «የማኅበረሰብ» የምትለዋ ቃል ለማሳመር የገባች አይደለችም። መንደሩ ተቀምጦ ከብት መቼ እንደሚለቀቅ፣ የት እንደማይረጭ ካልተስማማ፣ ኮምፖስቱንም በወንፈል ካልሠራ፣ አንድ ሰው ብቻውን ኦርጋኒክ ልሁን ቢል ድካም ነው።

አሁን ሒሳቡ። የዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ አንድ ኩንታል 46 ኪሎ ይሰጥሃል። ኮምፖስት ደርቆ ሲመዘን ከመቶው አንድ ገደማ ቢኖረው ነው። ያንኑ ለማግኘት 46 ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት ተሸክመህ ማሳ ድረስ ትሄዳለህ። እሱም ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት አይለቅም። ስለዚህ «ነገ ዩሪያ ይቁም» የሚለው ሰው ገበሬ አያውቅም፣ ወይም አህያ የለውም።

ኮምፖስት ቶሎ የሚበቃው ለጓሮ ነው። ጓሮ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ጎጃም ጎተራው ሙሉ ነው ይባላል። በ2008 ዓ.ም. የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ጎተራ ሙሉ በቆሎ ይዞ ጎመንና ካሮት የማያይ ቤት አለ።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ልጨምር፤ የአፈር ሰው ነኝና አያስችለኝም። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ብዙ መሬት አሲዳማ ነው። ፒኤቹ (ሲወርድ አሲዱ የሚብሰው መለኪያ) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ያቀጭጫል፣ ሌላው የሰብል ምግብ ፎስፈረስም አፈሩ ውስጥ ይታሰራል። ኮምፖስት ያግዛል እንጂ አሲዱን የሚቀንሰውን ኖራ አይተካም። ተፈጭቶ የሚመጣው የኖራ ድንጋይ በኦርጋኒክም የተፈቀደ ነው፤ ዱቄት የሆነ ሁሉ ኬሚካል አይደለም። ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለው ኖራ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ጊዜ መርዓዊ አካባቢ አንዲት እናት ጓሯቸው ያለውን የኮምፖስት ክምር አሳዩኝ። በሣር ከድነውታል። መሃሉ ላይ የተሰካውን ዘንግ ነቅለው መዳፌ ላይ አሳረፉት። ይፋጃል፤ እየበሰለ ነው ማለት ነው። ከጀርባቸው ግን ግድግዳውን ሙሉ ኩበት ተለጥፎ ነበር።

«ይኼስ ለምን አይጨመርም?» አልኳቸው።

«እንጀራውን በምን ልጋግረው ልጄ?»

ክምሩ የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የጎመኑና የቃሪያው ነው አሉኝ።

«ለጤፉስ?»

«ለጤፉማ…» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ዩሪያው መጣ እንዴ?»