የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፦ ጉብኝቱና ጥበቃው

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያው ደባርቅ ናት፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። ጥንታዊ እሳተ ገሞራ የከመረው ደጋ በሰሜን በኩል ድንገት ተቆርጦ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ሰው የሚመጣው ይህን ገደል ሊያይ ነው፤ የጥበቃው ጣጣ ሁሉ ያለው ግን ከአፋፉ በላይ፣ ሣሩ ላይ ነው።

ለምሳሌ ጭላዳን እንይ። በዓለም ላይ ሣር ግጦ የሚያድር ዝንጀሮ እሱ ብቻ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ይበላል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሳ በቂጡ ተንፏቆ ወደፊት ይጠጋል። ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ የሚታየውም እንዲህ ሲቀመጥ ነው። ነብርና ጅብ ፈርቶ ገደል ውስጥ ስለሚያድር፣ መንጋውን በቅርብ ማየት የሚሻ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አፋፉ ላይ ይጠብቀው። ዳቦ መወርወር አይገባም፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ ድንኳንና ማሳ መዝረፍ ይጀምራል። ዋልያ ደግሞ ከሰሜን ተራሮች በቀር በየትም ዱር አይገኝም። እሱን በማለዳና አመሻሽ ላይ ጨነቅ በተባለው ካምፕ አካባቢ መፈለግ ይሻላል።

ጉዞው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጀምራል። የመግቢያና የካምፕ ክፍያው እዚያ ተከፍሎ ደረሰኝ ይያዛል፤ ዋጋው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል። መሣሪያ የታጠቀ ስካውት (ጠባቂ) ማስከተል ግዴታ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ባለበቅሎም እዚያው ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሳው በበቅሎ ሒሳብ ነው፦ ጉዞው የሚያልቀው ከተነሱበት ርቆ ከሆነ፣ ባለበቅሎው ባዶውን የሚመለስባቸው ቀናትም ይከፈላሉ። ይህን ሳይነሱ መነጋገር ይበጃል።

የተለመደው መንገድ ከሳንቃበር ካምፕ (3,250 ሜትር) ይነሳና የጅንባርን ፏፏቴ አሳይቶ ከ5 እስከ 7 ሰዓት በሚወስድ ጉዞ ግጭ ካምፕ (3,600 ሜትር) ያደርሳል። በማግስቱ በእሜት ጎጎ ጫፍ በኩል ጨነቅ ይገባል። ራስ ደጀንን የሚፈልግ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ አምቢቆ መንደር ያድርና ገና ሳይነጋ ይነሳል። ካምፖቹ ድረስ በመኪና መድረስ ስለሚቻል የሚቸኩል ሰው በአንድ ቀን ጨነቅ ይወጣል፤ ከፍታውን ስላልለመደ ግን ሌሊቱን ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ያድራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ አድሮ ቀስ እያሉ መውጣት ነው የሚያዋጣው፣ በተለይ ከዱባይ ወይም ከሌላ የባሕር ዳርቻ ከተማ በቀጥታ ለመጣ ሰው። እያረፈ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወሰዳል እንጂ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ጥሩው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። እስከ ኅዳር ሣሩ ለምለም፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሆኖ ሊያድር ይችላል። በግጭ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ቢቀቀል ቶሎ አይበስልም፤ ማገዶ ይፈጃል እንጂ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ይዞ፣ በጋዝ ወይም በላምባ ምድጃ መሥራት ይሻላል። ከአካባቢው ሰው የተገዛ እንጨት ማለት አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ አስታ ማለት ነው፤ አስታ ደግሞ ቶሎ የሚተካ ዛፍ አይደለም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው ዋልያና ቀይ ቀበሮ በመመናመናቸው፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋታቸው ነበር። ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመካከሉ የፓርኩ ክልል ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ ከፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደርም ተነሥታ ከ400 በላይ አባወራዎች ደባርቅ ሰፈሩ። ይህ የጥበቃው እጅግ ከባዱ ምዕራፍ ነው፤ ጓሳ ለሚባለው የደጋ ሣር የተገኘው ዕረፍት በገበሬው መሬት የተገዛ ነውና። ቀይ ቀበሮን የሚያሰጋው ሌላው ነገር ከእረኛ ጋር የሚገባ ውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታን ያጋባዋል። በዙሪያው ያሉ ውሾች የሚከተቡት ለዚህ ነው።

በበጋ የደረቀ ጓሳ አንዴ ከተያያዘ ነፋሱ ገደል ለገደል ይዞት ይሄዳል፤ ሰው ቅጠልና አፈር ይዞ የማይደርስበት ቦታ ይገባል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የተነሣውን እሳት ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል።

ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነትና የአማራ ክልል ግጭት ጎብኚውን አራቁታል፤ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ደባርቅ ደውሎ ይጠይቅ። ከጎብኚ የሚገኘው የቀን ገቢ ሲቀር ባለበቅሎውም ሆነ አብሳዩ የሚተማመነው በከብቱ ብቻ ነው፤ ከብቱም ሣር ወዳለበት ይወጣል።