18 በመቶው ግራጫ ምንድን ነው?

የካሜራ የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር ነጠላ ይሁን ከሰል አያውቅም። የሚያውቀው ነጥሮ የሚመጣለትን ብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንድ ግምት አስይዘውታል፦ የሚነሳው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው። ይህ ግራጫ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል።

ለምን 50 አልሆነም? ዓይናችን በጨለማው ወገን ያለውን ትንሽ ልዩነት አጉልቶ፣ በደማቁ ወገን ያለውን አሳንሶ ስለሚያይ ነው። በጥቁርና በነጭ መካከል እኩሌታ ላይ ያለ የሚመስለን 18 በመቶው ነው። ከዚያ ብርሃኑን አንድ ጊዜ እጥፍ ብናደርገው 36፣ ደግመን ብናጥፈው 72 በመቶ ይሆናል፤ ነጭ ጨርቅ ደጃፍ ደረስን ማለት ነው። እያንዳንዱን እጥፍ ወይም ግማሽ ባለሙያዎች «ስቶፕ» ይሉታል። አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ የቀመሩት «ዞን ሲስተም»ም በዚሁ ስሌት የቆመ ነው፤ ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ ከ0 እስከ 10 ይቆጥራል፣ ግራጫውም 5 ላይ ይቀመጣል።

ችግሩ የሚታየው እንደ ጥምቀት ባለ ቀን ነው። ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች ምስሉን ሲሞሉት ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ቀድሞውንም ከግራጫው በታች ስለነበር ጥላ ውስጥ ይሰምጣል። መፍትሔው ብርሃኑን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ መጨመር ነው፤ በስልክ ከሆነ ነጠላውን በጣት ነክቶ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ብሩሁ ወገን ማንቀሳቀስ ይበቃል። ፊቱ ላይ ብቻ ተለክቶ ከተነሳ ግን ተቃራኒው ይመጣል፦ ጠይሙ ፊት ወደ ግራጫ ይገረጣል፣ የነጠላው ሽመናም በንጣት ይጠፋል። በዲጂታል ካሜራ ከልክ አልፎ የነጣ ቦታ አይመለስም፤ ከጨለማው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይተርፋል።

ኮንትራስት የሚባለውም በፊቱና በነጠላው መካከል ያለው ይህ ርቀት ነው። የቀትር ፀሐይ ያሰፋዋል፣ የዛፍ ጥላ ያጠብበዋል። ብዙ የስልክ ካሜራዎች ጨለማውን ሁሉ በራሳቸው አንስተው ርቀቱን ያጠፉታል። እኔ ይህን አልወደውም፤ ጥላ የተነጠቀ ፊት አፍንጫውም ጉንጩም ጠፍጣፋ ነው።