«ጠንካራ አማኝ» ሲባል ጡንቻ ነው?

«ጠንካራ አማኝ ከደካማ አማኝ ይሻላል፤ አላህም ዘንድ ይበልጥ የተወደደ ነው» የሚለውን የነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ (ከእሳቸው የተላለፈ ንግግር) ሰምቶ ጂም የሚመዘገብ አይጠፋም። ስፖርቱ ባልከፋ! ግን ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ሲያብራሩት በዋናነት የኢማን (የእምነት) እና የቆራጥነት ጥንካሬ ነው ይላሉ። ሐዲሱ ራሱ «በሁለቱም ውስጥ መልካም ነገር አለ» ብሎ ይቀጥላል። ደካማውም አልተጣለም ማለት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጠራው ግን የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ከነቢዩ ባልደረባ ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት ሐዲስ ነው። ጠንካራ ማለት በትግል ሰው የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚገዛ ነው። ቁጣው ይመጣል፤ ጥያቄው ያኔ እጅህና ምላስህ ምን ይሠራሉ ነው። ቆመህ ከተቆጣህ ተቀመጥ፣ ካልበረደልህ ጋደም በል የሚል ምክርም ተላልፏል። ታክሲ ውስጥ በመልስ ከረዳቱ ጋር ስትጨቃጨቅ መጋደሙ ቢከብድም፣ ዝም ማለት ይቻላል።