ስለ አርክቴክቸር ትምህርት በተደጋጋሚ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

አርክቴክቸር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ወደሚባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ይዣቸው እወጣለሁ። ወላጆች ይገርማቸዋል። «ልጄ ሕንፃ ሊማር ገብቶ ጭቃ ሲያቦካ ይውላል እንዴ?» ይሉኛል። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ስዕል የማይችል አርክቴክት አይሆንም።» ሐሰት ነው። እጅ በልምምድ ይፈታል። ማየት የማይወድ ተማሪ ነው የሚያሳስበኝ።

«መምህር የሆነው መገንባት አቅቶት ነው።» ይህ ያናድደኛል። ዛሬ ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተቋም በ1954 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል ነበር። ከማስተማር ጎን ለጎን የግንባታ ቁሳቁስ ይመረምር ነበር። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የነደፉት አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስም በዚያው ተቋም አስተምረዋል።

«ጭቃ ቤት ምን ይማሩበታል? የድሃ ቤት ነው።» እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን ከዚያ ነው የማስጀምረው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የቀሩ የገበሬ ቤቶች አሉ። ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፣ ማገሩ ቀጭን እንጨት። ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፤ ቀናት ይቆይና እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ምርጊቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። «ጭቃ አይበረክትም» የሚል ተማሪ ካለ ወደ ግድግዳው ግርጌ ጎንበስ እንዲል አደርጋለሁ። ምርጊቱ የረገፈው እዚያ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ ነጥሮ ይመታዋል። ከላይ ግን ግድግዳው ደህና ነው። ችግሩ ጭቃው ሳይሆን የታዛው ማጠርና የድንጋይ መሠረቱ ዝቅ ማለት ነው። ምስጥም ይጨመርበታል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ የዝናብን ነገር ደግሞ አይረሳም።

«ኮንዶሚኒየም እኮ አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው።» ሰው የሚኖርበት ቤት መቼ ያልቃል? በብሎክና በብሎክ መካከል የለቅሶ ድንኳን ይተከላል። ተማሪዎቼ ክፍተቱን በሜትር ለክተው ድንኳኑ ቆሞ አምቡላንስ ማለፍ ይችል እንደሆነ በስዕል ያያሉ። ኮሚናል የሚባለው የጋራ ሕንፃ ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ታስቦ የተሠራ ነው። አንዳንድ ቦታ ሌላ ሥራ ላይ ውሎ ያገኙታል። ለምን እንደሆነ ነዋሪውን ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ። እማማ በርበሬያቸውን ደረጃ ላይ ካሰጡ ንድፉ ማስጫ ቦታ ረስቷል ማለት ነው። እሳቸው ምንም አላጠፉም።

«ዘመናዊ ሕንፃ መስታወት ነው።» አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ መስኮትን በትንሽ ታዛ ማጥላት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ በምዕራብ ትገባለች። ፊቱን ወደዚያ ያዞረ የመስታወት ግድግዳ ቢሮውን ያግለዋል፤ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ይዘጋል፣ መብራቱም ይበራል።

«ጎበዝ መምህር ልክ የሆነውን ንድፍ ያሳያል።» እኔ አላሳይም። ያሳየሁ ቀን ክፍሉ በሙሉ የእኔን ይገለብጣል። ጁሪ ላይ፣ ማለትም ተማሪው ንድፉን አቅርቦ በሚገመገምበት ጊዜ፣ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የክረምቱ ውሃ በየት ይወርዳል? ቁምሳጥን ደረጃው ላይ እንዴት ይዞራል? እንጀራው የት ይጋገራል? መልስ ያላገኘ ተማሪ ከወረቀቱ ይልቅ ወደ ኮዬ ፈጬ እንዲመለስ እልከዋለሁ፤ ውጤቱም ከዚያ በኋላ ይያዛል።