ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መቀነስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት ይቀነሳል»

ልጆች ደጋግመው የሚወድቁበት ስህተት ይህ ነው። 3/4 − 1/3 እንዲህ ሲሠራ ላዕሉ 3 − 1 = 2፣ ታህቱ 4 − 3 = 1፣ መልሱም 2/1፣ ማለትም 2 ይሆናል። ከአንድ ያነሰ ነገር ላይ ቀንሰን ሁለት ሊተርፈን አይችልም። የሚቆጠረው ላዕሉ ነው፤ ታህቱ ግን የቁራሹ ስም ነው። ሩብና ሲሶ መጠናቸው ስለሚለያይ መጀመሪያ ሁለቱንም በአስራ ሁለተኛ እንመነዝራቸዋለን፦ 9/12 − 4/12 = 5/12። በሰዓት አመሳክሩት። ሦስት አራተኛ ሰዓት 45 ደቂቃ፣ የሰዓት ሲሶ 20 ደቂቃ ነው፤ የሚተርፈው 25 ደቂቃ የሰዓቱ 5/12 ነው።

«የጋራ ታህት ከተገኘ ላዕሉ እንዳለ ይቀመጣል»

ፒያሳ ካለ ቡና መሸጫ 3/4 ኪሎ የተቆላ ቡና ገዝታችሁ 1/5 ኪሎውን ለጎረቤት ሰጣችሁ እንበል። የጋራው ታህት 20 ነው። 3/20 − 1/20 ብሎ የጻፈ ልጅ 2/20 ኪሎ፣ ማለትም 100 ግራም ብቻ ቀረ ይላል። ሚዛኑ ግን 750 − 200 = 550 ግራም ያሳያል። ታህቱ በ5 ከተባዛ ላዕሉም በ5 መባዛት አለበት፤ አለዚያ ሦስት አራተኛው ኪሎ ሳይታወቅ ወደ 150 ግራም ይወርዳል። ትክክለኛው 15/20 − 4/20 = 11/20 ነው።

«የጋራ ታህት የሚገኘው ታህቶቹን በማባዛት ብቻ ነው»

ማባዛት አያሳስትም፤ ቁጥሩን ግን ያገዝፋል። ለ5/6 − 3/8 ከ48 ይልቅ ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጉ። የትልቁን ታህት ብዜቶች በተራ ዘርዝሩ፦ 8፣ 16፣ 24። 24 ለ6 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ እዚያው ቁሙ። 20/24 − 9/24 = 11/24።

«እንደ ማባዛት በሰያፍ ማጣፋት ይቻላል»

አይቻልም። በሰያፍ ማጣፋት፣ ማለትም የአንዱን ላዕልና የሌላውን ታህት ለአንድ ቁጥር አካፍሎ ማሳነስ፣ የሚሠራው በማባዛት ነው። በ5/6 − 3/5 ሁለቱን 5ቶች ያጣፋ ሰው 1/6 − 3 ላይ ይደርሳል። መልሱ 25/30 − 18/30 = 7/30 ነው።

«ስንበደር 10 እንጨምራለን»

3 1/4 − 1 2/3 (ሦስት ከሩብ ሲቀነስ አንድ ከሁለት ሦስተኛ) ወደ 3 3/12 − 1 8/12 ይለወጣል። ከ3 ላይ 8 አይቀነስም። አንዳንዱ ገልብጦ 8 − 3 ይልና 2 5/12 ያገኛል። ሌላው ከሙሉው ቁጥር 1 ተበድሮ፣ በሙሉ ቁጥር መቀነስ እንደለመደው 10 ጨምሮ 13/12 ይጽፋል። እዚህ የምንበደረው አንድ ሙሉ 12/12 ነው፤ ስለዚህ 3 3/12 ማለት 2 15/12 ነው። 2 15/12 − 1 8/12 = 1 7/12። ቁጥሮቹን እንደ ሰዓት ወስደን በደቂቃ ሲታይ 195 − 100 = 95፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፤ 35 ደቂቃም የሰዓት 7/12 ነው።